ስለ እኔ የተጠየቁ ሰዎች

ቅጹ አሥራ አራት ገጽ ነበር። ስሜን እስከ ቅድመ አያቴ፣ የተማርኩባቸውን ትምህርት ቤቶች ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ፣ የኖርኩባቸውን ቤቶችና ያከራዩኝን ሰዎች፣ ውጭ አገር ያለ ዘመድ፣ ፍርድ ቤት ያደረሰ ጠብ ሁሉ ጠየቀኝ። እስከ ስምንተኛው ገጽ የጻፍኩት የሚያኮራም የሚያሳፍርም አልነበረም። ዘጠነኛው ገጽ ላይ ግን እንዲህ የሚል ጥያቄ አገኘሁ፦ «አደንዛዥ ዕፅ ተጠቅመው ያውቃሉ? ካወቁ ምን፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ እንዴት እንዳቆሙ፣ ማን ሊመሰክርልዎ እንደሚችል ይግለጹ።» ለመልሱ የተተወው አራት መስመር ነው።

ያን ጊዜ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ወራት ቀርተውኝ ነበር። ሥራው በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ የኮምፒውተር መረጃ መጠበቅ ነው። ምን ዓይነት መረጃ እንደሆነ ያኔም አልነገሩኝም፣ አሁንም አልናገርም። የጽሑፍ ፈተናውን አልፌያለሁ፣ ቃለ መጠይቁንም አልፌያለሁ፤ የቀረኝ የደህንነት ማጣሪያ የሚሉት ብቻ ነበር። ሥራውን ክፉኛ ፈልጌው ነበር። ከዚያ በፊት ያገኘሁትን ሁሉ ያገኘሁት ዕጣ ወጥቶልኝ ወይ ሰው አዝኖልኝ ነው። ይሄኛው ግን ችሎታዬን አይቶ የጠራኝ የመጀመሪያው በር ነበር።

ያኔ አብረውኝ የሚሠሩት ሰዎች ምክር አጭር ነው። «አይ በል። ማን ያውቃል?» ቅጹን ያደለን ሰውዬ ግን ሌላ ነገር ብሎናል። «ያጨሰ ሰው አያስፈራንም» አለ መነጽሩን እየወለወለ። «የሚያስፈራን የደበቀ ሰው ነው። የተደበቀ ነገር ያለውን ሰው፣ ያን ነገር ያወቀ ሁሉ ይነዳዋል።» ንግግሩ ገባኝ። እኔ ደግሞ አንዴ እውነት ልናገር ካልኩ ልክ የማላውቅ፣ ትንሽ የምመጻደቅ ሰው ነኝ። ስለዚህ ጻፍኩ። ጋንጃና ጫት፤ ከ2007 መጨረሻ እስከ 2009 መጨረሻ፤ አምቦ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥና ውጭ፤ በራሴ ውሳኔ ሙሉ በሙሉ አቁሜያለሁ። ለምስክርነት ሦስት ሰው ቆጠርኩ፤ አምቦ ያለውን የሰፈራችንን ባለሱቅ፣ የዕድራችንን ሰብሳቢ፣ ጎጆ በምትባል ከተማ ቤት ያከራዩኝን ሽማግሌ። የቤተሰብ አድራሻ በሚለው ላይ እናቴን አሰፈርኩ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ወረቀት ላይ ከሰፈረ ደግሞ ይብሳል።

በገጹ ግርጌ በደማቅ የተጻፈ ማሳሰቢያ ነበር። ለምስክሮች አስቀድሞ መንገር ክልክል ነው ይላል። እኔም ይህን ትእዛዝ እንደ ሁዳዴ ጾም ጠበቅኩት። ለባለሱቁ አልነገርኩም፣ ለእናቴም አልነገርኩም። እናቴ የምታውቀው ፈተና ማለፌን ብቻ ነው። ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ስለ ሰፈራችን ትንሽ ልናገር። ሰፈራችን ክፉ አይደለም። ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ የተጣላ ያስታርቃል፣ በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ ይጨርሳል፣ በኦሮምኛ ጀምሮ በአማርኛ ይሳደባል። ነገር ግን እኔ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁበት ዘመን ወዲህ አንድ ነገር ተምሯል። የማይታወቅ ሰው መጥቶ የአንድን ወጣት ስም እስከ አያቱ ጠርቶ ከጠየቀ፣ ያ ልጅ የለም። ወይ አረብ አገር ሄዷል፣ ወይ ነቀምቴ አክስቱ ጋ ነው፣ ወይ ከነጭራሹ አልተወለደም። ይህን ማንም ስብሰባ ጠርቶ አልወሰነውም። ከተማው በሚታመስባቸው ወራት፣ መንገድ ተዘግቶ ትምህርት ተቋርጦ ልጅ በየቤቱ ሲፈለግ፣ እያንዳንዱ ደጃፍ ለብቻው የተማረው ነው። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ?

እኔም በዚህ ልማድ ድኛለሁ። ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ፣ አንድ ረፋድ ላይ ሰዎች ቤት ለቤት ወጣት ሲፈልጉ እኛ በር ላይ ደረሱ። እኔ ጓዳ ነበርኩ። ከጠዋት ጀምሬ አጭሼ ብርድ ልብስ ውስጥ ተጠቅልያለሁ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ «ወንድ ልጅ የለኝም» ስትል ሰማኋት። «ሁለት ሴቶች ናቸው ያሉኝ፣ ሁለቱም ባል አግብተዋል።» ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። እኔ ግን አለመወለዴ አሳቀኝ። ብርድ ልብሱን ነክሼ ሳቅኩ። ልጅ የለኝም የምትል እናት በር ላይ ቆማ፣ ልጅየው ጓዳ ውስጥ ይስቃል። በሕይወቴ ካደረግኩት ሁሉ የማፍርበት ይህ ነው። ቅጹ ላይ ይህን የሚጠይቅ መስመር አልነበረም፤ ቢኖርም የምጽፈው አይመስለኝም።

እናቴ በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበረች፤ አሁን ጡረታ ወጥታለች። ሁለቱ እህቶቼ ጨዋ ናቸው። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር የሚባለው ለእኛ ቤት ነው። ስለማጨሴ አንድም ቀን አላነሳችብኝም። አታውቅም ብዬ እርግጠኛ ነበርኩ። የሚያጨስ ልጅ ሁሉ ስለ እናቱ እንደዚህ እርግጠኛ ነው።

ስመረቅ የመምህርነት ምደባ ዕጣ ወጣና ጎጆ ደረሰኝ። ጎጆ ብርዷ አጥንት የሚቆረጥም የደጋ ከተማ ናት፤ ገብስ፣ ድንች፣ በግ፣ ጭቃ። እናቴ «አንድ የማውቀው ሰው ቤት አግኝቶልሃል» ብላ ላከችኝ። አከራዬ ድንችና በግ ያላቸው ሽማግሌ ነበሩ። ሁሉም ሰው በስማቸው ላይ ኦቦ፣ አቶ እንደማለት፣ ጨምሮ ይጠራቸዋል፤ እኔ ኦቦ ብቻ ነበር የምላቸው። የሰጡኝ ክፍል ንጹሕ ነው፣ አልጋ አለው፣ ጠረጴዛ አለው። በሩ ግን ከውስጥ መቀርቀሪያ አልነበረውም። ቀድሞ የነበረበት ቦታ የምስማሩ ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል። «ኦቦ፣ መቀርቀሪያውን አያሠሩልኝም?» ስላቸው «ቦሩ» ይሉኛል፤ ነገ ማለታቸው ነው። ስምንት ወር ሙሉ ቦሩ።

በመጣሁ በሦስተኛው ቀን በሩን ገፋ አድርገው ገቡ። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ስጠቀልል ያዙኝ። አልተቆጡም። ከእጄ ተቀበሉኝና አሸተቱት።

«ያ ኢልማ ኮ» አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ይሄ የበግ ነው የሰው?»

ወስደው ምድጃው ውስጥ ጣሉት። ቦርሳህን አምጣ አሉኝ፣ አመጣሁ፤ ያለውንም አቃጠሉት። ከዚያ ወዲህ ያሉት ሳምንታት ክፉ ነበሩ። እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ተማሪ ላይ እጮሃለሁ፣ ምግብ አፈር አፈር ይለኛል። ጎጆ ውስጥ የሚሸጥ ሰው አላውቅም፤ ወደ አምቦ ለመውረድ ደግሞ መንገዱ ራሱ ቅጣት ነው። ሽማግሌው ቅዳሜ ቅዳሜ ዶማ ሰጥተው ድንች ያስቆፍሩኛል። በፈለጉ ሰዓት በሩን ገፍተው ይገባሉ፤ አንዴ የተቀቀለ ድንች፣ አንዴ ወሬ ይዘው፣ አንዴ ምንም ሳይዙ። ያናድደኝ ነበር። ስምንት ወር አለፈ። ወደ አምቦ ስዛወር ፍላጎቱ ጠፍቶ ነበር። ጠንካራ ሰው መሆኔን ያኔ ደመደምኩ። ያን መደምደሚያ ይዤ ሰባት ዓመት ኖርኩ፣ ቅጹም ላይ ጻፍኩት።

ቅጹን ባስገባሁ በሁለተኛው ወር እናቴ ደወለች። እኔ አዲስ አበባ ነኝ። ድምፅዋ ደስታ አለው።

«ልጄ፣ በዚህ ሳምንት ወደ አምቦ ዝር እንዳትል» አለችኝ። «ሰው ሊፈልግህ መጥቶ ነበር። ደብተር የያዘ ሰውዬ።»

«ምን አላችሁት?» አልኳት።

«ምን እንለዋለን! ሸኘነዋ።»

ዝርዝሩን በደስታ ነገረችኝ። ሰውየው መጀመሪያ ወደ ባለሱቁ ሄደ። ባለሱቁ ስኳር መመዘኑን ሳያቋርጥ «ሂን ቤኩ፣ አላውቀውም ጌታዬ» አለው። ይህ ሰው ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ ዳቦ የሸጠልኝ፣ በኋላም ሲጋራ በፍሬ የሸጠልኝ ሰው ነው። ሰውየው መታወቂያ አሳየው። መታወቂያ ሲያይ ባለሱቁ ጭራሽ ሰፈሩንም አላውቀው አለ። የዕድሩ ሰብሳቢ ደግሞ፣ እንደዚህ የሚባል ልጅ ድሮ ነበረ፣ ሱዳን ገብቶ ቀርቷል ብለው ከንፈራቸውን መጠጡ። በመጨረሻ እናቴ በር ላይ ደረሰ።

«አንቺስ?» አልኳት።

«የማውቃትን አልኩት። ወንድ ልጅ የለኝም።»

ስልኩን ይዤ ግድግዳውን በቡጢ መታሁት። ሰውየው ለሥራው ማጣሪያ የመጣ መሆኑን ስነግራት «ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?» አለች። መንገር ክልክል ነው ተብሎ ተጽፏል አልኳት። «ወረቀቱን የጻፈው ሰው አምቦ መጥቶ ያውቃል?» አለችኝ። ደህና ጥያቄ ነው።

ሁለት ሳምንት ጠበቅኩ። አለቀልኝ ብዬ ነበር። ጋንጃውን አምኜ፣ የለም ተብዬ ልወድቅ ነው። ከዚያ ራሱ አጣሪው ደወለልኝ። ጨዋ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። «ቅዳሜ ጠዋት እናትዎ ቤት ይገኙ» አለኝ። «እናት ካለዎት ማለቴ ነው» ብሎ ጨመረ። ይቀልድ ይቆጣ አልገባኝም።

ቅዳሜ መጣ። አርባዎቹ ውስጥ ያለ፣ ቀጭን ሰው ነው፤ ጫማው ላይ የደረቀ ጭቃ አለ። ሳሎን ተቀመጠ፣ ውሃ ብቻ ጠየቀ። ደብተሩንና የእኔን ቅጽ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። እናቴ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ። መዝገብ ቤት ውስጥ እንደዚያ ነበር የምትቀመጠው።

«እማማ፣ ባለፈው ወንድ ልጅ የለኝም ብለውኝ ነበር።»

«ብያለሁ።»

«እኚህ ታዲያ ማን ናቸው?»

አየችኝ። «ልጄ ነው። የመጨረሻው።»

«ታዲያ ለምን ዋሹኝ? መታወቂያ አሳይቼዎታለሁ።»

«መታወቂያ ያሳየኝ ሰው አንተ የመጀመሪያው አይደለህም» አለችው። እስከዚያ ድረስ እርስዎ ስትለው ነበር። ሰውየው ይህን አልጻፈውም። ብዕሩን አስቀምጦ ትንሽ ውሃ ጠጣ።

«ጎጆ ሄጄ ነበር» አለ። «መንገዱ ወገቤን ነቅሎታል። እዚያ ያሉት ሽማግሌ ልጁን አውቀዋለሁ አሉኝ። እናቱንም አውቃታለሁ አሉኝ። አንድ ኪሎ ስኳር ይዛ መጥታ ደጄ ላይ አለቀሰች አሉኝ። እኔ ደግሞ እናት የለውም ብዬ ደብተሬ ላይ ጽፌያለሁ።» ከዚያ ቅጹን ወደ እኔ አዞረና በጣቱ አሳየኝ። «በራሴ ውሳኔ ሙሉ በሙሉ አቁሜያለሁ ይላል። ማነው ያስቆመዎት?»

ስለ የትኛው ለቅሶ፣ ስለ የትኛው ስኳር እንደሚያወራ አላወቅኩም ነበር። እናቴ ግን ጀመረች። የመዝገብ ቤት ሰው ናት፤ በቅደም ተከተል ነው የምትናገረው። ሹራቤን ስታጥብ እንዴት እንዳወቀች፣ በየትኛው ወር፤ ዓይኔ መቅላት የጀመረው መቼ፤ ጫት ብቻ የሆነበት ጊዜ የቱ፣ ሌላው የተጨመረበት የቱ። እኔ የረሳኋቸውን ሁለት ወራት አረመችልኝ። «ሰዎቹ በር ላይ በመጡ ቀንም ውስጥ ነበር» አለች። «ይስቅ ነበር። ሰምተውት ይሆን ብዬ ድምፄን ከፍ አደረግኩ።»

ሰምታኝ ነበር። ለስንት ዓመት ይህን ይዛ ኖራለች። ወለሉ ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ።

ምደባው ጎጆ ሲሆን፣ እኔ ሳላውቅ ቀድማኝ በአውቶቡስ ሄዳለች። ቤት የሚያከራዩ ሦስት ሰዎች አነጋግራ፣ ሽማግሌውን የመረጠችው ቤታቸው ውስጥ የጠላ ጋን ስላላየች ነው። «ልጄ ሱስ ይዞታል አልኳቸው። ልጅዎ ቢሆን የሚያደርጉትን ያድርጉ አልኳቸው። አንድ ነገር ብቻ ለመንኳቸው። በሩን ዘግቶ ብቻውን እንዳይቀመጥ። መቀርቀሪያውን እሳቸው ነቀሉት፣ እኔ መብራት ያዝኩላቸው።»

ሰውየው ይህን ሁሉ ጻፈ። ከዚያ ቅጹንና ብዕሩን ወደ እኔ ገፋ። «ማረም ይፈቀዳል» አለ። «ሰርዘው ይፈርሙበት።» በራሴ ውሳኔ የሚለውን ሰረዝኩ። ከላዩ «እናቴና አከራዬ አስቆሙኝ» ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩበትም። ከሰረቅኩት ክብር ላይ ስወርድ ተሰማኝ፤ ደስ አይልም።

«አንድ የመጨረሻ ጥያቄ አለኝ፣ እማማ» አለ። «እንደ እርስዎ አስተያየት፣ ወደፊት ይመለስበት ይሆን?»

እዚህ ላይ እፎይ አልኩ። ይህን ጥያቄ የትኛዋም እናት ትመልሰዋለች። ያቺ በር ላይ ቆማ አለመወለዴን የመሰከረች ሴት ለዚህ አንዲት ቃል አታጣም።

እናቴ ግን የነጠላዋን ጫፍ እያፍተለተለች ቆየች። «እሱን አላውቅም» አለች።

ሰውየው ቀና አለ።

«ሰባት ዓመት አልነካም፤ ይህን እመሰክራለሁ። ነገን ግን አላውቅም። እዚህ መጥቶ ክፍሉ ገብቶ በሩን ሲዘጋ ዛሬም ሆዴ ይፈራል። ዋሽታኛለች ብለህ ተመልሰህ መጣህ፣ አሁን እውነቱን ጠየቅከኝ፤ እውነቱ ይኸው ነው።»

ቃል በቃል ጻፈው። መልሶ አነበበላት። መነጽሯን አድርጋ ራሷም አንብባ ፈረመች። ሰውየው በር ላይ ጎንበስ ብሎ ተሰናበታትና ሄደ።

እኔ ግን አበድኩ። «ምን ነበረበት አይመለስም ብትይ! አንድ ቃል! ለማያውቁሽ ሁሉ ስትዋሺ ኖረሽ ለእኔ ጊዜ እውነት አማረሽ?» ብዬ ጮህኩባት። ጎረቤት ሰምቷል። አስጨረሰችኝ።

«አንተስ ታውቃለህ?» አለችኝ።

ቦርሳዬን አነሳሁ፣ ምሳ ብላ እያለችኝ ጥዬያት ወጣሁ። በባጃጅ መናኸሪያ ሄጄ፣ መኪናው እስኪሞላ አንድ ሰዓት ተቀምጬ፣ ሆለታ እስክደርስ ድረስ በሆዴ ስሰድባት ነበር። አዲስ አበባ ከደረስኩ በኋላም ለሁለት ወር አልደወልኩላትም። እህቶቼ ሊያስታርቁን ሞከሩ። ያኮረፍኩት ግን እሷን አልነበረም። ማታ ማታ ክፍሌን ቀርቅሬ ስቀመጥ ጥያቄዋ ይመጣል። ሥራ ሲያስጨንቀኝ፣ ሰው ሲያስከፋኝ፣ ያ ሽታ አፍንጫዬ ላይ የሚመጣባቸው ቀኖች አሉ። ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ቅጹም ስላለፈው እንጂ ስለዚህ አልጠየቀኝም።

ቅጹን ባስገባሁ በአምስተኛው ወር ደብዳቤው ወጣ። አልፌያለሁ። ለምን እንዳለፍኩ አላውቅም። የእናቴ ቃል ጎድቶኝ ሌላው አካክሶልኝ ይሁን፣ ወይስ ከሰፈሩ ምስክርነት ሁሉ ያመኑት ያን አንዱን ይሁን፣ የሚነግረኝ ሰው የለም። ዛሬ የምሠራው ብዙ ሰው ማየት የማይችለውን ፋይል እየጠበቅኩ ነው፤ የራሴን ፋይል ግን ማየት አይፈቀድልኝም።

ደብዳቤውን እንደያዝኩ ከመሥሪያ ቤቱ ደረጃ ላይ ቆሜ ደወልኩላት።

«እማዬ፣ አለፍኩ።»

«ተመስገን» አለች። «ለሰፈሩ ልንገር ወይስ ይኼም ምስጢር ነው?»

ሁለታችንም ሳቅን። ባለሱቁ ሱዳን መቅረቴን ሰምቶ፣ እውነት መስሎት ሊያስተዛዝናት መጥቶ እንደነበር ነገረችኝ። ከዚያ ወሬ አለቀብን። መዝጋት እችል ነበር።

«ያን ቀን የጠየቅሽኝን…» አልኳት።

«ምን ጠየቅኩህ?»

«አንተስ ታውቃለህ ወይ ያልሽኝን።» ደብዳቤውን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። «አላውቅም፣ እማዬ። እኔም አላውቅም።»

ከበስተጀርባዋ ባጃጅ አለፈ።

«እሰይ» አለች። «እንግዲያው አንተም ከፈራህ፣ አሁን እንቅልፍ ይወስደኛል።»